ገመድ ያዥ

ሳቫሪሙቱን ከባሕር ያወጣው ክሬን ነው። የንፋስ ተርባይን ምሰሶ እንዲያነሳ ተብሎ የመጣ፣ የመንጠቆው ላስቲክ እንኳ ገና ያልተላጠ ትልቅ ክሬን። የተደፋበትን ድንጋይ ከባሕሩ ወለል እያፈሰ ሲያወጣ ሲያወጣ፣ በአሥራ አንደኛው ጊዜ ሰውዬውን ከድንጋዩ ጋር ይዞት መጣ። ሁለት መቶ ሠራተኛ ቆሞ ያያል። «ቀስ በል፣ ሰው እኮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ነጂው ከዚያ ሁሉ ከፍታ ምን ይስማ! እንደ ሲሚንቶ ከረጢት መድረኩ ላይ ዘረገፈው።

ደሜ የፈላው ያኔ ነው። እስከ ዛሬም አልበረደልኝም።

ኢንስፔክተር ኢሳኪ እባላለሁ። አባቴ ዘንባባ እየወጣ የዛፉን ጠጅ የሚያወርድ ሰው ነበር፤ ያደግኩት ቀይ አሸዋ ላይ ነው፣ ባሕር አላውቅም። የወደቡ መንደር የቬላንኩዲ ዓሣ አጥማጆች ከኋላዬ «ዛፍ ላይ የተለቀመው ኢንስፔክተር» ይሉኛል። ይበሉኝ። ሳቫሪሙቱ ግን ከኋላዬ ሳይሆን ፊት ለፊቴ ነበር የሚቀልደው። በጣቢያው በር ባለፈ ቁጥር «ኢንስፔክተር፣ መዋኘት መቼ ላስተምርህ?» ይለኛል። «አንተ መጀመሪያ ዛፍ መውጣት ተማር» እለዋለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ስንባባል ኖርን።

ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከአባቱ የወረሰው ሥራ ከባሕር ወለል ትልልቅ ዛጎል መልቀም ነው። ወደቡ መስፋት ሲጀምር መንደራቸውን በቡልዶዘር ገፍተው ሕዝቡን ከባሕሩ ስድስት ኪሎ ሜትር ርቆ አሰፈሩት። እሱም ዛጎሉን ትቶ ለወደቡ መጥለቅ ጀመረ። ተርባይን የምትተክለው መርከብ አራት እግር አላት፤ ከመድረኩ አጠገብ እግሯን ወለሉ ላይ ተክላ ነው ሸክሟን የምታነሳው። እግሯ እንዳይሰምጥ ወለሉ ጠንካራ ድንጋይ ይነጠፍበታል። ሳቫሪሙቱ የአየር ቱቦ ነክሶ ይወርዳል፣ ንጣፉን በእጁ ይዳብሳል፣ የዳበሰውን ወጥቶ ለኢንጂነሯ ይነግራል።

ድንጋዩን የሚደፋው ሆዱ የሚከፈት ሰፊ ጀልባ ነው። ከመድፋቱ በፊት ሦስት ጊዜ ያፏጫል። ያን ጊዜ ጠላቂው በወረደበት ትንሽ ጀልባ ላይ ገመድ ይዞ የተቀመጠው ሰው ጠላቂውን ስቦ ያወጣና አረንጓዴ ጨርቅ ያነሳል። አረንጓዴ ካልተነሳ አንዲት ጠጠር አትወርድም። ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አረንጓዴው ተነስቷል። ሰውዬው ግን ታች ነበር። የአየር ቱቦው ከድንጋዩ ሥር ተይዞ ሲያዩ ነው የአደጋ ሳይረኑን ያስጮሁት።

«ማን አነሳው?» አልኩት የድንጋዩን ጀልባ ነጂ። ጋፉር ይባላል።

«ገመድ ያዡ ነዋ ጌታዬ! ፎጣ ራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጨርቁን ሁለት ጊዜ አወዛወዘልኝ። እንዲያውም ኢናሲ ዛሬ ምን አፈጠነው ብያለሁ።»

«ፊቱን አይተሃል?»

«ፀሐይዋ ዓይኔ ውስጥ ነበረች። ሌላስ ማን ይሆናል?»

ኢናሲ የሟቹ ሚስት ወንድም ነው። ያን ሰዓት በግቢው በር በኩል በባዶ እግሩ እየሮጠ መጣ፤ ሰዉን ሰነጣጥቆ አለፈና ሬሳው አጠገብ ዘፍ አለ። ማንም ምንም ሳይጠይቀው «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ።

ገድሎ ሸሽቶ፣ ኅሊናው ከመንገድ መለሰው ብዬ አሰብኩ። ሞኝ!

እዚያ ግርግር ውስጥ ሰው ሆኖ የታየኝ ታንጋዱራይ ብቻ ነበር፤ የድንጋዩን ሥራ የያዘው ተቋራጭ። የሳይረኑን ድምፅ ሰምቼ ከድንጋይ ካባው በቀጥታ መጣሁ አለኝ። ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ሽርጥ፣ ትከሻው ላይ ቀይ ፎጣ። ፎጣውን አውርዶ የሟቹን ፊት ሸፈነለት። ሬሳው ፒካፕ ላይ ሲጫን ሸራ አስመጥቶ አለበሰውና በገዛ እጁ ጥፍር አድርጎ አሰረው። «ወንድሜ ነበር፤ በመንገድ መንገጫገጭ የለበትም» እያለ ያለቅሳል። እኔም ትከሻውን መታ መታ አደረግኩለት። ይህን ሳስታውስ እጄን ልቆርጠው ያምረኛል።

ትንሿ ጀልባ የመድረኩ መሰላል ሥር ቆማለች። የሳቫሪሙቱ ገመድ መቀመጫው እንጨት ላይ ታስሯል፤ ንጹሕ፣ የሚያምር ቋጠሮ። ከቋጠሮው በታች ቆርጬ ከነእንጨቱ ወሰድኩት። ሟቹ ወገቡ ላይ የዛጎል መልቀሚያ መረብ ነበረው፤ መረቡ ውስጥ የራስ የሚያክል የሲሚንቶ ስባሪ አለ።

«ይኸውልዎ» አለችኝ ፖንማሪ። የጣቢያችን ሳጅን ናት፤ ከመናገሯ በፊት ማስቲካዋን ወደ ጉንጯ ታደርጋለች። «እንዳይወጣ ክብደት አስረውበታል። ታስቦበት የተሠራ ነው።»

«ታስቦበት» ብዬ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ውስጥ ኢናሲን ፊቴ አስቀመጥኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው በር ይዘጋል፣ ድምፁ ግን የለም።

«ለምን ገደልከው?»

«ገደልኩት።»

«ለምን ነው ያልኩህ?»

«ጌታዬ፣ ገደልኩት ብያለሁ። የት ልፈርም?»

«ተጣልታችኋል?»

«ከሳቫሪ ጋር?» ቀና ብሎ አየኝ፤ የሰደብኩት ያህል። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገመዱን ይዣለሁ። አንድ ቀን ክፉ አልተነጋገርንም።»

«እና አረንጓዴውን ለምን አነሳህ?»

አንገቱን ደፋ። 

ስልኩ ጮኸ። አለቃዬ ነው። «ኢሳኪ፣ የእምነት ቃል አለህ፣ የዓይን ምስክር አለህ፣ ክብደት አለህ። ዓርብ ትልልቅ ሰዎች ለምርቃት ይመጣሉ። መዝገቡ እስከ ሐሙስ ይዘጋ። ሬሳውም ይቀበር።»

«ምክንያቱ አልታወቀም ጌታዬ።»

«የቤተሰብ ነገር ነው በለው! እነዚህ ሰዎች ለምን እንደሚገዳደሉ እግዜር ራሱ አያውቅም።»

እነዚህ ሰዎች። ስልኩን እንዳልወረውረው ፖንማሪ ከእጄ ተቀበለችኝ።

ሟቹ ጠላት ነበረው ወይ ብዬ ሳጠያይቅ ሁሉም አንድ ስም ሰጠኝ፤ ማቻዶ። የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር መሪ ነው፤ ወደቡን ሲቃወም ሁለት ጊዜ ያሰርኩት ሰው። ባለፈው ወር በባሕሩ ዳር፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ለወደቡ የጠለቀ ለእኛ ሞቷል» ብሎ ሳቫሪሙቱን ረግሞታል። ረቡዕ ጠዋት ዓሣ ጨረታው ላይ አገኘሁት፤ ትልቅ ዓሣ በጅራቱ ይዞ።

«ና፣ ና፣ ዛፍ ላይ የተለቀምከው! እሰረኝ፤ እጄ ግን ይሸታል።»

«ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ የቆምኩበት። ስድሳ ሰው አለ፣ ጠይቅ። መስክረውልህ ዓሣም ይሸጡልሃል።»

«ሞቷል ብለህ ረግመኸዋል።»

ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ብያለሁ! ቤቴን አፍርሰው የሠሩትን ወደብ ሲያገለግል ምን ልበለው? ጎበዝ ልበለው? ግን ስማ ኢንስፔክተር፤ ኢናሲን አስረሃል አሉ። እዚህ አገር የጠላቂ ገመድ የሚይዘው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«የሚስቱ ወንድም።»

«ለምን?»

«ልማድ ነዋ።»

«ልማድ!» ብሎ ለሰዎቹ ዞረ። «ልማድ ይላል! የገዛ ወንድም ርስት ይፈልጋል፣ ጓደኛ ሚስት ይመኛል። የሚስት ወንድም ግን እህቱን መበለት አያደርግም። ለዚያ ነው። ኢናሲ ገደለ ከምትለኝ ዓሣው ገደለ ብትለኝ ይሻላል።»

«ራሱ አምኗል።»

«እንግዲያው ያልተናገረው ነገር አለ» አለና ጨረታውን ቀጠለ።

ስድሳዎቹንም ጠየቅን። ማቻዶ ንቅንቅ አላለም፤ ያን ጠዋት ከሦስት ሰው ጋር ተሰዳድቧል፣ ሦስቱም ሰዓቱን ያስታውሳሉ።

ኢንጂነር ማዱሚታ የምትሠራው ከብረት ሳጥን በተሠራች ቢሮ ውስጥ ነው። የካልካታ ልጅ ናት፤ ቋንቋችንን ሳቫሪሙቱ ነው ያስተማራት፣ ስለዚህ እንደ ዓሣ አጥማጅ ነው የምትናገረው። ዓይኗ አብጧል።

«ሰኞ ማታ ደውሎልኝ ነበር» አለች። «‹ልጄ፣ ነገ ከታች አንድ ነገር ይዤልሽ እወጣለሁ፤ አይተሽ ትፈርጃለሽ› አለኝ። ምንድን ነው ስለው ‹ብነግርሽ አታምኚም› አለ። ተናዶ ነበር። እሱ ሲናደድ ሰምቼ አላውቅም።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።» ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሥራ ስብሰባ አለን። ጠላቂው የሚያሳየኝ ነገር ስላለ ውጤቱን እስካይ ድንጋይ አይደፋ አልኩ። ስምንት ሰው ሰምቶኛል፤ የተቋራጩም ሰው አለበት።»

«እና ለምን ተደፋ?»

«አረንጓዴ ተነሳ አሉ! እኔ ምን ላድርግ? አረንጓዴ ተነሳ!» ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። «ያ ንጣፍ ካልጠነከረ በሚቀጥለው ሳምንት የምትመጣው መርከብ እግሯ ይሰምጣል፤ ክሬኗና ሠላሳ ሰው ይዛ ትገለበጣለች። እሱ ይህን ያውቃል። ያየው ነገር ቀላል አይደለም።»

ከቢሮዋ ስወጣ መረቡ ውስጥ የነበረው የሲሚንቶ ስባሪ ትዝ አለኝ። ክብደት ብለን መዝግበነዋል። ሰው በድንጋይ ሊቀብሩት እያለ በምን ሒሳብ ነው አንድ ስባሪ የሚጨምሩለት?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች ፖንማሪ።

«እያደር አይሆንም። ሐሙስ ነው ያሉን!»

ጣቢያ ስንደርስ ሚስትየው በር ላይ ቆማለች። ረጂና። ዓሣ ሻጭ ናት፤ ሽታዋም ቁጣዋም ከሩቅ ይመጣል። የሆስፒታሉ ሰዎች ሬሳውን ዛሬውኑ ውሰጂ ብለው ላኩባት፤ አለቃዬ ነው የቸኮለው።

«ወንድሜ ሳይወጣ ባሌ አይቀበርም» አለችኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ። «ባሌን ባሕሩ ውስጥ ገደላችሁት፣ ወንድሜን እዚህ ልትገድሉት ነው። ለእኔ ምን አስቀራችሁልኝ? ተርባይን?»

«እህቴ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም!»

«እንግዲያው ቆመው ይዩልኝ» ብዬ ስባሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

 ያ ሁሉ ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። ጣቷን ልሳ የስባሪውን ጎን ጠረገችው፤ ከጭቃው ሥር ሰማያዊ ቀለም ወጣ፣ ከቀለሙ መሃል ሲሚንቶ ውስጥ የተቀበረ የዛጎል ጫፍ። ጫፉ ተሸርፏል።

«ከየት አመጡት?»

«ባልዎ መረብ ውስጥ ነበር።»

«ይሄ የቤቴ ደፍ ነው» አለች። «ቤት ስንሠራ የዓመቱን የመጀመሪያ ዛጎል ደፉ ውስጥ እንቀብራለን። ይሄን እሱ ነው የቀበረው፣ የተጋባን ጊዜ። እዚህ ጋ ልጄ ተደናቅፋ የፊት ጥርሷን ሰበረች። ቡልዶዘሩ ሲመጣ ደፉን ብቻ ልንቀል ብዬ ብለምን ገፍትረው ጣሉኝ። ባሕር ውስጥ ምን ይሠራል?»

እኔና ፖንማሪ ተያየን። ባሕር ውስጥ ምን እንደሚሠራ ያኔ ገባን። ጠንካራ የካባ ድንጋይ መሆን የነበረበት ንጣፍ የድሆች ቤት ፍርስራሽ ነው። ፍርስራሹን ከታች ደልድለው፣ ከላይ ለዓይን የሚሆን ድንጋይ ሊያለብሱት ነበር። ሳቫሪሙቱ በጨለማ ውሃ ውስጥ ሲዳብስ የገዛ ቤቱን ደፍ በእጁ አገኘው።

«ሌላም ላሳይዎ» አልኩና ከነእንጨቱ የቆረጥኩትን ገመድ አወጣሁ።

አየችው። መጀመሪያ አልገባትም፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ማነው ያሰረው?»

«ወንድምዎ ነዋ። ጀልባው ላይ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት።»

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?» አንተ አለችኝ፤ ትክክል ናት። «የጠላቂ ገመድ ይታሰራል እንዴ? በእጅ ነው የሚያዝ! እንጨት አይሰማም፣ እጅ ነው የሚሰማው። አባታችን ኢናሲን ሲያስተምረው ሲያንቀላፋ እንኳ ጣቱ ላይ ጠምጥሞ ነው። ሊገድለው ቢፈልግ ይቆርጠዋል እንጂ አያስረውም። ይሄን ያሰረው ባሕር የማያውቅ ሰው ነው።»

ባሕር የማያውቅ ሰው። እንደ እኔ ያለ። ቋጠሮውን አንድ ቀን ሙሉ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬው ገመድ ብቻ ነው ያየሁት።

«ወንድሜ ጋ ውሰደኝ» አለች።

ኢናሲ ሲያያት ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ፍርግርጉ በመሃላቸው ነው።

«ቀና በል።»

ቀና አላለም።

«ገመዱን እንጨት ላይ አስረሃል?»

«እትዬ፣ ሂጂ።»

«አስረሃል ወይ?»

«አላሰርኩም!»

«እና እጅህ የት ነበር?»

 ከዚያ ያ ትልቅ ሰው መሬት ላይ ቁጭ አለና እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ።

«ሳቫሪ ታች እያለ አንድ ሰው መሰላሉን ወርዶ መጣ፤ ወድቀሻል አለኝ። ‹እህትህ ገበያ ላይ ወድቃ ደም በአፏ ይመጣል፣ ሩጥ፣ እኔ እይዝልሃለሁ› አለኝ። ፎጣህን ስጠኝ፣ ፀሐይዋ ከባድ ናት አለ፤ ሰጠሁት። ሮጥኩ። መንገድ ላይ ባጃጅ ይዤ ግማሽ ሳልሄድ ሳይረኑን ሰማሁ።»

«ለምን አልተናገርክም?» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጮኼ ነው ያልኩት። «ሁለት ቀን! ልትሰቀል ነው እኮ!»

ለእኔ አልመለሰልኝም። ለእሷ ነው የነገራት።

«ገደልኩት ያልኩት ውሸት አይደለም። ገመዱን የለቀቀ ገዳይ ነው። ገዳይ ተብዬ ብሰቀል ይሻለኝ ነበር፤ የባልሽን ነፍስ ለባዕድ እጅ ሰጠ ከምትይኝ።»

ረጂና እጇን በፍርግርጉ አሾልካ በጥፊ አጮለችው። ፖንማሪ ልትይዛት ስትል አስቆምኳት። ከዚያ በዚያው እጇ ጸጉሩን ይዛ ወደ ራሷ አስጠጋችው።

«ለማን ነው የሰጠኸው?»

በጆሮዋ ነገራት። እሷም ወደ እኔ ዞረች።

«ማክሰኞ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። የባሌ ፊት በፎጣ ተሸፍኗል። ቀይ፣ ጠርዙ በሰማያዊ ክር የተሰፋ። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ የኢናሲ ነው። ያለበሰው እሱ መስሎኝ ነበር።» ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ። «ማነው የባሌን ፊት የሸፈነው?»

እኔ አውቃለሁ። ቆሜ አይቻለሁ። ኢናሲ ከበሩ እየሮጠ ሲመጣ ፊቱ ቀድሞ ተሸፍኖ ነበር።

እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም። ፎጣው ሆስፒታሉ ውስጥ በከረጢት ታስሮ ቆየኝ፤ ሰማያዊው ክር በእጅ የተሰፋ፣ አንድ ጥግ ላይ የሳተ። የሬሳ ክፍሉን ጠባቂ ሸራውን የት አደረስከው አልኩት።

«ያ ሸራማ ፒካፑ ላይ አለ ጌታዬ። ማን ይፈታዋል! ከኋላ በኩል ሬሳውን ጎተትን እንጂ ቋጠሮውን አልቻልነውም።»

ሁለቱን ቋጠሮዎች ጎን ለጎን አደረግኳቸው። አንድ እጅ ነው ያሰራቸው። እኔ ፖሊስ ከመሆኔ በፊት ሦስት ዓመት የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ፤ ያን ቋጠሮ ሺህ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ተጠምዝዞ፣ ታጥፎ፣ በራሱ ላይ የሚነክስ፤ ሸራ ነፋስ እንዳይወስደው ሾፌሮች የሚያስሩት። ባሕር ላይ ማንም አይሠራውም። ታንጋዱራይ ተቋራጭ ከመሆኑ በፊት ሃያ ዓመት መኪና ነድቷል፤ ይህን በየሰርጉ ሲፎክርበት ነው የኖረው።

ፖንማሪ በበኩሏ የባጃጁን ሹፌር አገኘችው። «አንድ ባዶ እግሩን የሆነ፣ እህቴ እህቴ የሚል ሰው ጭኜ ግማሽ መንገድ ላይ ዘሎ ወረደ፤ ሒሳቤንም አልሰጠኝም» አለ።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። «ዓርብ እስኪያልፍ ጠብቅ» አለኝ። «ትሰማኛለህ? ሰውዬው በምርቃቱ ላይ አበባ ሊያበረክት ነው።»

«አይሰማኝም ጌታዬ፣ ኔትወርኩ ደካማ ነው» ብዬ ዘጋሁት። የሥራ ዘመኔ ትልቁ ውሸት ይሄ ነው፤ አልጸጸትበትም።

ሐሙስ ቀትር ላይ መድረኩ ላይ ድንኳን ይተከላል። ታንጋዱራይ ነጭ በነጭ ለብሶ ያዛል። ሲያየኝ ፈገግ አለ።

«ኢንስፔክተር! ትኩስ ቀን ነው፤ አሬራ ይምጣልዎ?»

«አልፈልግም። ማክሰኞ ሳይረኑ ሲጮህ ከየት መጣሁ ነው ያልከኝ?»

«ከካባው ነዋ።»

«ፎጣህስ? ከካባው ነው ያመጣኸው?»

«የቱ ፎጣ?»

ከከረጢቱ አወጣሁት። ጋፉር፣ የድንጋዩ ጀልባ ነጂ፣ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ፎጣውን ሲያይ «ያ ነው» አለ። «ራሱ ላይ የጠመጠመው ያ ነው!» ከዚያ ታንጋዱራይን አየው። «አንተ! በእኔ እጅ አስገደልከው? በእኔ እጅ?» ሁለት ሰው ይዞ አስቀረልኝ።

ሁለቱን ቋጠሮ አንድ ላይ ጣልኩለት። ከዚያ የደፉን ስባሪ። እሱን ሲያይ ነው የፊቱ ቀለም የጠፋው።

ማዱሚታ ከቢሮዋ ወጥታ ስባሪውን አነሳችው፤ ገለባበጠችው፤ ሰማያዊው ላይ አውራ ጣቷን አሳረፈች። «እዚህ ንጣፍ ላይ አንዲት መርከብ አትቆምም» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም። «እኔ አልፈርምም። ድንኳኑን አውርዱት።»

ታንጋዱራይ ያን ጊዜ ነው የፈነዳው። «ለአንድ ጠላቂ! ለአንድ ዛጎል ለቃሚ ስትሉ ወደቡን ልታቆሙ? አገር መብራት ይፈልጋል! ፍርስራሹን የት ልጣለው፣ ራሴ ላይ? ከላይ ድንጋይ ይለብስ ነበር፤ ማንም አያውቅም ነበር! ምን ነበር አፉን ቢይዝ?»

«አፉን አልከፈተም እኮ» አልኩት። «ደፉን ነው ይዞ ሊወጣ የነበረው። ገመዱን እየጎተተ፣ አውጡኝ እያለ። አንተ እንጨት ላይ አስረኸው ጨርቅ ታወዛውዛለህ።»

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ካልከተትኩት ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ካቴናውን ፖንማሪ ናት ያጠለቀችለት፤ ከመጠን በላይ አጥብቃ። አላስተካከልኩላትም።

ዓርብ ሪባን አልተቆረጠም። አለቃዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ቋጠሮው በነበረበት ቦታ። ደፉ ግን እስከ ፍርድ ድረስ የመንግሥት ማስረጃ ነው ተብሎ ቁጥር ተለጥፎበት መጋዘን ገባ። ረጂና ስትለምነኝ ደንቡን ነገርኳት፤ ስነግራት አፈርኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሳቫሪሙቱን በባሕሩ ዳር ባለው የቤተ ክርስቲያን መቃብር ቀበርነው። መንደሩ በሙሉ መጣ፤ ማቻዶ እንኳ መጥቶ ከኋላ ቆመ። ኢናሲ ጠዋት ነው የተፈታው። ከአጥሩ ውጪ፣ ከሰው ርቆ ቆሟል፤ ማንም ቅረብ አላለውም፣ እሱም ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ሳጥኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጠ። ገመዶቹ ከሥሩ አለፉ። አራት ሰው ሊያወርድ ተዘጋጀ። ያን ጊዜ ረጂና «ቆይ» አለች።

በራስጌ በኩል ያለውን ገመድ ከአንዱ እጅ ተቀበለች። ሕዝቡን አቋርጣ ገመዱን እያስረዘመች እስከ አጥሩ ሄደች። ኢናሲ ወደ ኋላ ሸሸ።

«እትዬ፣ ተይኝ። እኔ አይገባኝም።»

እጁን ይዛ መዳፉን ዘረጋችው፤ ገመዱን ጣቱ ላይ ጠመጠመችው፣ አንዴ፣ ሁለቴ።

«ያዝ» አለችው። «ታች እስኪደርስ እንዳትለቅ።»

ያዘ። በገመዱ ተመርቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ፤ ቀስ እያለ፣ ክንድ በክንድ አወረደው። ሳጥኑ መሬት ነክቶ ሌሎቹ ሦስቱ ገመዳቸውን ሲለቁ እሱ አለቀቀም። ቄሱ ጸሎቱን ጨረሱ፤ አፈሩ መውረድ ጀመረ፤ እሱ ገመዱን እንደያዘ ቆሟል። ማንም ልቀቅ አላለውም።